ሁለት ሞተር የሚቀባበሉበት የመስኖ ፓምፕ፦ ያረጁትን የቤንዚን ሞተሮች በአዲስ መተካት

ከጣርማ በር በታች ባለው ቆላ፣ በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ዳር፣ ውሃው ከማሳው በታች ርቆ የሚፈስበት ቦታ ብዙ ነው። አንድ ፓምፕ ብቻውን ስለማይችል ገበሬው ሁለት ያቀባብላል፤ የታችኛው ከወንዝ ስቦ እስከ ዳገቱ አጋማሽ ያደርሳል፣ የላይኛው ተቀብሎ ወደ ሽንኩርቱ ወይም ወደ ማሾው ይገፋል። ከእነዚህ ሞተሮች አንዱ ሲደክም የተለመደው መፍትሔ ሱቅ ሄዶ በላዩ ላይ ትልቁ ፈረስ ጉልበት የተጻፈበትን ገዝቶ መግጠም ነው። ሞተሩ ተገጥሞ ውሃው ያው ሲሆን "ኦሪጅናል አይደለም" ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዴ እውነትም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የልኬቱ ነው፦ ከፍታው፣ ቱቦውና ዘንጉ ሳይለካ ተገዝቷል።

እዚህ የምንነጋገረው 2 እና 3 ኢንች ፓምፕ ላይ ስለሚገጠሙት ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተሮች ነው። ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ሞተር በሆንዳ ጂኤክስ 160 እና ጂኤክስ 200 አምሳል የተሠራ ስለሆነ የምንሰጣቸው ልኮች የእነዚያ ናቸው። የእናንተ ሞተር የራሱ መጽሐፍ ካለው የመጽሐፉን ልክ አስቀድሙ።

መጀመሪያ ሞተሩ በእውነት አልቋል?

ሞተሩ ሲሞቅ አልነሳም የሚል ከሆነ ከመጣሉ በፊት የቫልቭ ክፍተቱን ለኩ። ከረጅም አገልግሎት በኋላ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠፋል። ሲሞቅ ብረቱ ይረዝምና ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል፣ መጭመቂያው ይፈሳል። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ፣ ፒስተኑ በመጭመቂያ ጫፍ ላይ ሲሆን፣ የአየር ማስገቢያው ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር፣ የጭስ ማስወጫው 0.20 ሚሊሜትር መሆን አለበት። በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩበት ቀጫጭን ብረት) የሚሠራ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ በዚህ ብቻ የዳነ ሞተር ብዙ ነው። ገመዱን ስቦ "መጭመቂያ የለውም" ማለት ግን አያስተማምንም፤ እነዚህ ሞተሮች ለመነሳት እንዲቀልላቸው ሲሳቡ ቫልቩን በትንሹ የሚከፍት ክፍል ካምሻፍታቸው ላይ አለ።

ሰማያዊ ጭስ ከጨሰና ዘይት በየቀኑ ከጎደለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል። የአዲስ ሲሊንደር ልክ 68.000 ሚሊሜትር ነው፣ 68.165 ሲደርስ የመጨረሻው ወሰን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ፋሻ መቀየርና ቫልቭ ማስፈጨት ያዋጣል። ቢየላው (ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ፣ ከክራንኩ፣ የሚያያይዘው ክንድ) ከተንኳኳና ክራንኩ ከተፋቀ ግን ጥገናው የአዲሱን ዋጋ ስለሚጠጋ መተካቱ ይሻላል።

ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ቆም በሉ። ውሃ ወደ ሞተሩ ገብቷል ማለት ነው፣ የገባውም ከፓምፑ ነው። በፓምፑና በሞተሩ መካከል ከታች የምትታይ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ክፍተት አለች፤ የፓምፑ "ሲል" (በዘንጉ ዙሪያ ውሃ እንዳያልፍ የሚያግደው ክፍል) ሲያልቅ የሚያፈሰው ውሃ በእሷ እንዲወርድ የተተወች ናት። ጭቃ ሲደፍናት ውሃው መውጫ አጥቶ በዘንጉ ዙሪያ ባለው የዘይት ሲል በኩል ወደ ክራንኩ ቤት ይገባል። ይህን ሳያስተካክሉ አዲስ ሞተር መግጠም አዲሱንም በዚያው መንገድ መግደል ነው።

ከፍታውን ሳትለኩ ፈረስ ጉልበት አትጠይቁ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የአንድ ሞተር ጉልበት እንደቦታው ይለያያል። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ምክንያቱም አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ምት የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሸዋሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር አካባቢ ናት፤ 15 በመቶ ይጠፋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በበሬሳ ወንዝ ዳር ድንች የሚያጠጣ ሞተር ሲሶ ጉልበቱን ገና ሳይነሳ አጥቷል።

በቁጥር እንየው። 163 ሲሲው ሞተር (ጂኤክስ 160) በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ 4.8 ፈረስ፣ ማለትም 3.6 ኪሎዋት ይሰጣል። ሸዋሮቢት ላይ 4.1 ፈረስ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 3.2 ፈረስ ይቀረዋል። 196 ሲሲው (ጂኤክስ 200) 5.5 ፈረስ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ 3.7 ብቻ ይሆናል። ተለጣፊው ላይ "6.5" ወይም "7" ተብሎ የሚጻፈው በድሮው አቆጣጠር የተለካ ጠቅላላ ጉልበት ስለሆነ ለስሌት አትጠቀሙበት። ሲሲውን ጠይቁ። እኛ ቆላ ላይ 163ቱን፣ ከ2,000 ሜትር በላይ 196ቱን እንመርጣለን። ሁለቱ የውጭ አካላቸውና መቀመጫቸው አንድ ስለሆነ መቀያየሩ አያስቸግርም።

ከፍታ የሚነካው ሞተሩን ብቻ አይደለም፣ መሳቡንም ነው። ፓምፕ ውሃን አይጎትትም፤ ውስጡን ባዶ ሲያደርገው የውጭው አየር ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት 10.3 ሜትር ውሃ ይሸከማል፣ ሸዋሮቢት ላይ 8.9 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ላይ 7.3 ሜትር ገደማ። ከዚህ ላይ ለቱቦውና ለፓምፑ የሚቀነስ አለ። ስለዚህ ከውሃው ገጽ እስከ ፓምፑ መሐል ያለው ቁመት ቆላ ላይ ከ5 ሜትር፣ ደጋ ላይ ከ4 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የቱንም ያህል ጉልበተኛ ሞተር ብትገጥሙ ይህን ወሰን አታልፉም።

ውሃው የሚወጣበትን ቁመት ለመለካት የስልክ ከፍታ መለኪያ አይታመንም፤ በብዙ ሜትር ይሳሳታል። ግንበኞች የሚይዙት ውሃ የተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ይበቃል። ሁለት ሰው ሆናችሁ ከወንዙ እስከ ማሳው ደረጃ በደረጃ እየለካችሁ ደምሩ።

ቱቦው የሚበላው ጉልበት

ብዙ ገንዘብ ያለ ጥቅም የሚባክነው እዚህ ነው። በደቂቃ 300 ሊትር ውሃ በ100 ሜትር ባለ 2 ኢንች ቱቦ ሲያልፍ በፍትጊያ ብቻ 12 ሜትር ያህል ግፊት ይጠፋል። በ3 ኢንች ቱቦ የሚጠፋው 1.7 ሜትር ነው። ውሃው 500 ሊትር ሲሆን በ2 ኢንች 32 ሜትር፣ በ3 ኢንች 4.4 ሜትር ይሆናል።

አንድ ማሳ እንውሰድ። ከወንዙ ውሃ ገጽ 38 ሜትር ከፍ ይላል፣ ቱቦው በድምሩ 160 ሜትር ነው፣ የሚፈለገው በደቂቃ 300 ሊትር ነው። በ2 ኢንች ቱቦ ፍትጊያው 20 ሜትር ስለሚሆን ጠቅላላው 58 ሜትር ነው፤ ለሁለት ፓምፕ ሲካፈል እያንዳንዱ 29 ሜትር ይደርሰዋል። ፓምፑ ላይ "32 ሜትር" የሚል ቢጻፍም ያ ቁጥር የሚለካው ውሃው ቆሞ እንጂ እየፈሰሰ አይደለም፣ 29 ሜትር ላይ የሚወጣው ጥቂት ነው። ያንኑ ቱቦ ወደ 3 ኢንች ብትቀይሩት ጠቅላላው 41 ሜትር፣ ለአንዱ 20.5 ሜትር ይሆናል። ሞተሩ ሳይቀየር ውሃው መጣ ማለት ነው።

የሚያስፈልገውን ጉልበት ለማወቅ ሊትር በደቂቃን በሜትር አባዙና ለ6,120 አካፍሉ፤ ውጤቱ ኪሎዋት ነው። 300 ሲባዛ በ20.5፣ ሲካፈል ለ6,120፣ 1 ኪሎዋት ይሆናል። እነዚህ ትናንሽ ፓምፖች ግማሹን ያህል ስለሚያባክኑ እጥፍ አድርጉት፤ 2 ኪሎዋት። ሞተር ቀኑን ሙሉ ከሚችለው 80 በመቶ በላይ ባይሠራ ዕድሜው ይረዝማል። ሸዋሮቢት ላይ 163 ሲሲው ከከፍታው ቅናሽ በኋላ 3 ኪሎዋት ይቀረዋል፣ 80 በመቶው 2.4 ነው፣ ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን 80 በመቶው 1.9 ብቻ ስለሆነ አይበቃም፤ 196ቱ 2.2 ይሰጣል።

ሁለቱን አንድ ላይ ወይስ አንዱን?

ሁለቱ ሞተሮች እኩል ዘመን ከሠሩና አንዱ ካለቀ ሌላውም ሩቅ አይደለም። ገንዘቡ ካለ ሁለቱን በአንድ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ሞዴል አድርጋችሁ ቀይሩ። ጥቅሙ ለዓይን አይደለም። ካርቡሬተሩ፣ ቦቢናው፣ የገመድ ማስነሻው፣ ካንዴላው አንድ ዓይነት ሲሆን በቤት የምታስቀምጡት መለዋወጫ ለሁለቱም ይሆናል፤ ሽንኩርቱ ውሃ በጠማው ሳምንት መርካቶ ድረስ መላክ ይቀራል። ሌላው ምክንያት ውሃው ነው። ሲቀባበሉ የሚያልፈው ውሃ ደካማው የሚያሳልፈው ያህል ነው፣ ስለዚህ አንዱን ብቻ ማጠንከር የሚያመጣው ጥቂት ነው። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ አዲሱን ከታች፣ ከወንዙ ዳር ትከሉት። የሚስበው እሱ ነውና ድካም ከሁሉ በፊት የሚታየው እሱ ላይ ነው።

ዘንጉ

ሞተር ሲገዙ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በዘንጉ ነው። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሞተሮች ሦስት ዓይነት ዘንግ ይዘው ይሸጣሉ። ለፓምፕ የተሠራው አጠር ያለ ሆኖ ጫፉ ጥርስ የወጣለት ነው፤ ኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ክፍል) እንደ ዳዶ ይጠመዘዝበታል። ሁለተኛው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 19.05 ሚሊሜትር ወይም 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ በጎኑ ትንሽ አራት ማዕዘን ብረት የምትቀመጥበት ቦይ የተቆረጠለት፤ ለቀበቶና ለወፍጮ ነው። ሦስተኛው ወደ ጫፉ የሚቀጥን ነው፣ ለመብራት ጀነሬተር። ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንዱን ገዝቶ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቀየር ይቻላል የሚል ብዙ ነው። በብየዳ የረዘመ ዘንግ ግን መሐሉን ስለሚስት በ3,600 ዙር ይንቀጠቀጣል፣ ሲሉን በቀናት ይበላል፣ ኩሽኔታውንም ይጨርሳል። አይሞከር።

አሮጌው ሞተር ሳይፈታ በካሊብሮ እነዚህን ጻፉና ወደ ሱቅ ይዛችሁ ሂዱ፦ የዘንጉ ውፍረት፤ ከሞተሩ ፊት እስከ ዘንጉ ጫፍ ያለው ርዝመት፤ የጥርሱ ውፍረትና ልክ፤ ፓምፑን ከሞተሩ የሚያይዙት አራት ብሎኖች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት፤ የመሠረቱ ቀዳዳዎች ርቀት። ከተቻለ ኢምፔለሩን ራሱን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ በእጅ ጠምዝዙት። በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ካልገባ አይሆንም። የብሎኑም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ባለ 8 ሚሊሜትርና ባለ 5/16 ኢንች ብሎን ለዓይን አንድ ናቸው፣ ጥርሳቸው ግን የተለያየ ነው። አንዱን በሌላው ቀዳዳ በቁልፍ ካስገደዳችሁት የሞተሩ አሉሚኒየም ጥርስ ተልጦ ይወጣል።

አፈታት

ቤንዚኑን ዝጉ፣ የካንዴላውን ኮፍያ ንቀሉ፣ ከፓምፑ ውሃውን አፍስሱ። የፊት ክዳኑን ፈትታችሁ ቀንድ አውጣ የመሰለውን የውስጥ ቤት ስታወጡ ኢምፔለሩ ይታያል። እሱን ለመፍታት ሞተሩ እንዳይዞር መያዝ አለበት። ብዙ ሰው ማራገቢያው ውስጥ ካቻቪቴ ይሰካል፤ ማራገቢያው ይሰበራል። የሚሻለው ካንዴላውን አውጥቶ ንጹሕ የጥጥ ገመድ ጫፉን ውጭ አስቀርቶ ወደ ሲሊንደሩ ማስገባትና ፒስተኑ ገመዱ ላይ እስኪያርፍ ማዞር ነው። ከዚያ በኢምፔለሩ ክንፍ ላይ እንጨት አስደግፋችሁ ወደ ግራ፣ ማለትም ከፊት ለፊት ሲታይ የሰዓት ተቃራኒ፣ በመዶሻ ቶሎ ቶሎ ምቱት። ዝገት ከያዘው ቀድማችሁ ላምባ ወይም ዝገት ማላቀቂያ አፍስሱና አንድ ሌሊት ተዉት።

ከኢምፔለሩ ኋላ ቀጫጭን ራንዴላዎች ካሉ ቁጥራቸውን ጻፉ፤ የኢምፔለሩን ክፍተት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ የኋላውን ቤት ከሞተሩ የሚያይዙትን አራት ብሎኖች ፈትታችሁ ሞተሩን አውጡ። አሮጌውን ሞተር ለቁራጭ ብረት አትሽጡት። ካርቡሬተሩ፣ ታንከሩ፣ ማርሚታው፣ ቦቢናውና የገመዱ ቤት ለአዲሱ መለዋወጫ ናቸው።

መግጠም

ሲሉን ሁልጊዜ ቀይሩ። አሮጌው ያላለቀ ቢመስልም ፊቱ ከአሮጌው ዘንግ ጋር ተላምዷል፣ በአዲስ ዘንግ ላይ ማንጠባጠቡ አይቀርም፤ ዋጋውም ከሞተሩ አንጻር ኢምንት ነው። ሲሉ ሁለት ግማሽ አለው፤ አንዱ በኋላው ቤት ውስጥ በግፊት ይገባል፣ ሌላው ከኢምፔለሩ ጋር ይዞራል። የሁለቱ ለስላሳ ፊት ሲነካካ ነው ውሃው የሚታገደው። ፊቱን በጣት አትንኩት፣ ግሪስ አትቀቡት። ጎማውን በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ ልኩ የሆነ የቧንቧ ቁራጭ በዳር ጠርዙ ላይ ብቻ አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። በመዶሻ ከተመታ ነጩ ሴራሚክ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል፣ በሁለተኛው ሳምንት ያፈሳል።

የኋላውን ቤት ለአዲሱ ሞተር ስታስሩ አራቱን ብሎኖች መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በመስቀል እየተፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ ለባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን 24 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ራንዴላዎቹን መልሱ፣ ኢምፔለሩን በእጅ ጠምዝዙ። ሞተሩ የሚዞረው ከዘንጉ በኩል ሲታይ የሰዓት ተቃራኒ ስለሆነ ኢምፔለሩ በሥራ ላይ ራሱን ያጠብቃል፤ በብርቱ ኃይል መግጠም ለሚቀጥለው ፍቺ ችግር ማቆየት ነው። ኦሪንጎቹን አዲስ አድርጉ፣ ክዳኑን ዝጉና ገመዱን በቀስታ ሳቡ። የሚፋቅ ድምፅ ከተሰማ አንድ ራንዴላ ቀንሱ ወይም ጨምሩ፣ እንደ ፍቁ ቦታ። ኢምፔለሩ ሳይነካ ለፊተኛው ቤት በተጠጋ ቁጥር ውሃው ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ያንሳል።

ሞተሩን ሜዳ ላይ አስቀምጡ። ከ20 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሄድና የዘይት ማነስ ተቆጣጣሪው ሞተሩን ያጠፋዋል፣ ተቆጣጣሪ የሌለው ከሆነ ደግሞ ቢየላው ይነክሳል። የወንዝ ዳር ተዳፋት ከሆነ ቦታውን ቆፍራችሁ ደልድሉ።

መጀመሪያ የሚነሳበት ቀን

አዲስ ሞተር ከፋብሪካ ያለ ዘይት ነው የሚመጣው። ይህን ባለማወቅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የነደደ አዲስ ሞተር አለ፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዘይት። 10ደብሊው30 ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ሞተሩ ሜዳ ላይ ሆኖ እስከ መሙያው አፍ ጫፍ ድረስ ሙሉት። ከዚያ ፓምፑን በላይ ባለው መሙያ ውሃ ሙሉ። ደረቅ ፓምፕ ማንሳት ሲሉን በጥቂት ደቂቃ ያቃጥላል።

ካንዴላው ቢፒአር6ኢኤስ ወይም ተመሳሳዩ፣ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር መሆኑን አረጋግጡ። ቾኩን ዘግታችሁ አንሱ፣ ሲሞቅ ክፈቱ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰዓታት በሙሉ ጋዝ ሳታቆዩ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አሠሩት። የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት በኋላ ይውጣ፤ ፋሻው ሲላመድ የወጣው የብረት ብናኝ ያለው በዚያ ውስጥ ነው።

ፍጥነቱ ያለ ሥራ 3,850 ዙር፣ በሥራ ላይ 3,600 ዙር አካባቢ ነው። ውሃው አነሰ ብሎ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ስፕሪንግ መወጠር በጣም የተስፋፋ ነው፣ በጣምም ጎጂ ነው። ፍጥነቱ 10 በመቶ ሲጨምር ውሃው በ10 በመቶ ያድጋል፣ ፓምፑ የሚጠይቀው ጉልበት ግን በ33 በመቶ ያድጋል። ሞተሩ ያን ካልቻለ ስፕሪንጉን መወጠር ምንም አያመጣም፤ ከቻለና ቱቦው ድንገት ቢበጠስ ሸክም አጥቶ ከልክ በላይ ይፈተለካል፣ ቢየላው ተሰብሮ ገላውን ይበሳል።

ደጋ ላይ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ካጨሰና ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ካርቡሬተሩ ለሳሳ አየር ብዙ ቤንዚን እየሰጠ ነው። 2,800 ሜትር ላይ ድብልቁ 15 በመቶ ያህል ይወፍራል። መድኃኒቱ ትንሽ ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ነው፤ 0.70 ሚሊሜትር የነበረው 0.65 ይሁን። ቀዳዳውን በሽቦ ማጽዳት ያሰፋዋል፣ ችግሩን ያባብሳል። ይህ ሞተር ወደ ቆላ ከተወሰደ ግን የድሮው ጂግለር መመለስ አለበት። በትንሹ ጂግለር ሸዋሮቢት ላይ ቢሠራ ድብልቁ ይሳሳል፣ ይግላል፣ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ይቃጠላል። አሮጌውን ጂግለር በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከታንከሩ ሥር እሰሩት።

ሁለቱን ማቀባበል

ሁለት መንገድ አለ። የሚሻለው በመካከል ኩሬ ነው፦ የታችኛው ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ) የተነጠፈበትን ኩሬ ይሞላል፣ የላይኛው ከዚያ ይስባል። አንዱ ለቤንዚን ሲቆም ሌላው ይቀጥላል፣ ፍጥነታቸው ባይስማማም ችግር የለም፣ ደለሉም ኩሬው ውስጥ ይቀራል።

ኩሬ የሚቆፈርበት ቦታ ከሌለ የታችኛው መግፊያ ቱቦ ቀጥታ ለላይኛው ፓምፕ መግቢያ ይታሰራል። ያኔ የላይኛው የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከታች የሚመጣው ውሃ እዚያ ሲደርስ ገና ከ3 እስከ 5 ሜትር ግፊት የቀረው መሆን አለበት። ከፍ አድርጋችሁ ከተከላችሁት የላይኛው መሳብ ይጀምራል፣ እንደ ሸራ የሚጠቀለለው ቱቦም ተጣብቆ ይዘጋል። በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት ደግሞ የሁለቱ ግፊት ተደምሮ የላይኛውን ሲልና ቤት ያስጨንቃል። መግቢያው ላይ አንዲት የግፊት ሰዓት ብትገጥሙ ግምቱ ይቀራል፤ 0.3 እስከ 0.5 ባር ታንብብ።

ሲነሳ የታችኛው ይቀድማል። ውሃው ላይኛው ደርሶ አየሩ በመሙያው እስኪወጣ ጠብቁ፣ ከዚያ የላይኛውን አንሱ። ሲጠፋ በተቃራኒው፣ የላይኛው ይቅደም። የታችኛው በድንገት ከቆመ የላይኛው ደርቆ ይዞራልና አንድ ሰው ከላይኛው አጠገብ አይጥፋ፤ ወይም ሁለቱ ጠባቂዎች ስልክ ይያዙ።

መሳቢያው ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት ከውሃው ገጽ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይጥለቅ፣ ከወንዙ ወለልም 30 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ቅርጫት ውስጥ ቢቀመጥ ቅጠልና አሸዋ ይቀንሳል። የመሳቢያው መጋጠሚያ ሁሉ በፋሸታ ይጥበቅ። በዚያ በኩል ቀዳዳ ካለ ውሃ አይንጠባጠብም፣ አየር ይገባል እንጂ፤ ስለዚህ ዓይን አያገኘውም። ሞተሩ እየዞረ ውሃው የሚቆራረጥ ከሆነ መጋጠሚያዎቹን እየተራ በእርጥብ ጭቃ ለጥፉ፤ የተስተካከለበት ላይ ነው ቀዳዳው።

ጉድጓድ ውስጥ ሞተር አይወርድም

ውሃው ከ5 ሜትር በላይ ሲርቅ ሞተሩን በገመድ አስሮ ወደ እጅ ጉድጓዱ ማውረድ የሚደረግ ነገር ነው። የቤንዚን ሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። ቀለምና ሽታ የለውም፣ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሰውን በደቂቃዎች ራሱን ያስታል። ሊያወጣው የወረደው ሁለተኛ ሰውም በዚያው ይቀራል። ማርሚታውን በቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት አያድንም፤ ቱቦው ያፈሳል፣ ሞተሩ ራሱም ያፈሳል። ለጥልቅ ጉድጓድ በኤሌክትሪክ ወይም በሶላር የሚሠራ ጠላቂ ፓምፕ እንጂ የቤንዚን ሞተር አይሆንም። አንድ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ሳትወርዱ በገመድ አውጡት።

ቤንዚንና እንክብካቤ

በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ከላምባ ወይም ከውሃ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ጥቂት በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ምልክት አይተውም፣ ላምባና ናፍጣ ግን ቅባት ያለው ነጥብ ይተዋሉ። ውሃ መኖሩን ለማወቅ በጠራ ጠርሙስ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ ውሃው ከሥር ይታያል። 163 ሲሲው በሙሉ ሥራ በሰዓት 1.4 ሊትር፣ 196ቱ 1.7 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ከዚህ በጣም ካለፈ ጂግለሩን፣ የአየር ማጣሪያውንና ቾኩ ሙሉ መከፈቱን እዩ። የሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን አትሙሉ።

ዘይት በየ100 ሰዓቱ፣ የአየር ማጣሪያ በየ50 ሰዓቱ። የቆላ አቧራ ባለበት፣ በተለይ ማሳው እየታረሰ ከሆነ፣ ማጣሪያው በየቀኑ ይታይ። ዘይት የሚጠመቅበት ማጣሪያ ያለው ሞተር ካገኛችሁ ለእንዲህ ያለ ቦታ እሱን ግዙ።

የሮቢ ወንዝ ደጋ ላይ በዘነበ ዝናብ ቆላው ፀሐይ ሳለ ይሞላል፤ ሞተሩ ማታ ከወንዝ ዳር አይደር፣ በተለይ በበልግ። ክረምት ገብቶ መስኖ ሲቆም ቤንዚኑን ዝጉና ካርቡሬተሩ ደርቆ እስኪጠፋ አሠሩት። ካንዴላውን አውጥታችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ገመዱን ሳቡ፣ ካንዴላውን መልሱና ገመዱ እስኪከብድ ድረስ ስባችሁ እዚያው ተዉት፤ ቫልቮቹ ተዘግተው እርጥበት አይገባም። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር በየማታው የፓምፑን የታች ብሎን ፈትታችሁ ውሃውን አፍስሱ። ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ውስጡ የቀረው ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፣ የፓምፑንም አሉሚኒየም ቤት ይሰነጥቀዋል።